ራውተርዎ "ቦትኔት ውስጥ ገብቷል" ተባልኩ። ያስፈራል ወይስ ሊሸጥልኝ ነው?

ጡረተኛው ፊዚክስ
ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

31 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግቢዬ ውስጥ አራት ሰርቪስ ቤቶች አሉ፤ አከራያቸዋለሁ። ኢንተርኔቱ በእኔ ስም ነው የገባው፤ ሂሳቡን ለአምስት እንካፈላለን። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ያለበሰችው ባለቤቴ ናት። ይሞቀዋል፣ አንሺለት ብዬ ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ። ስለዚህ ስለ ዳንቴሉ አትምከሩኝ።

ከጥር ወዲህ ኔቱ ታመመ። ቀን ደህና ይውላል። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ዳገት እንዳየ በቅሎ ቀጥ ይላል። ልጄ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ትደውላለች። እኔ እሷን በደንብ አያታለሁ። እሷ ግን "አባዬ፣ ፊትህ ቆሟል፣ ድምፅህም ይቆራረጣል" ትለኛለች። ጉግል ላይ አንድ ነገር ልፈልግ ስል ደግሞ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ ይለኛል። የትራፊክ መብራት ምረጥ። ሞተር ሳይክል ምረጥ። በ63 ዓመቴ ሰው መሆኔን ለማስረዳት ድልድይ ስለቅም አመሻለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንዱን ተከራይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት። ሌሊቱን መብራቱ አይጠፋም። ፊልም እያወረደ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠርቼ ተቆጣሁት። "ጋሼ፣ እኔ የማነበው ስልኬ ላይ ያለ ፒዲኤፍ ነው" አለኝ። አላመንኩትም። የዋይፋዩን ፓስዎርድ ቀየርኩና ለእሱ ብቻ ሳልሰጠው ቀረሁ። ኔቱ አልተሻለውም። ልጁ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ነው ሰላም የሚለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ቴክኒሻን አስመጣሁ። ላፕቶፑን ሰክቶ አሥር ደቂቃ ያህል አየና "ጋሼ፣ ራውተርዎ ቦትኔት ውስጥ ገብቷል። ይሄ አይድንም። አዲስ በ4,500 ብር ላምጣልዎት" አለኝ። ላስብበት አልኩት። የሰውየውንም የራውተሩንም ስም እዚህ አልጽፍም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ራውተር ቫይረስ ይይዘዋል ወይ? ከያዘውስ ምን ያህል ያስፈራል? የባንክ ሂሳቤን በስልክ ነው የማንቀሳቅሰው። ልጁንስ በድያለሁ ወይ?


የቡሬ በርበሬ

ጋሼ፣ ሰውየው ሊሸጥልዎት ነው። አለቀ። ራውተር ማለት ሳጥን ነው፤ መስመሩን ተቀብሎ ያከፋፍላል። ቫይረስ የሚይዘው ኮምፒውተር ነው። ነቅለው ይሰኩት፣ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ መስመሩ ነው።

ደግሞስ ከባሕር ማዶ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስ ያለ የአንድ ጡረተኛ ቤት ዳንቴል ገልጦ የሚገባ ሀከር ማን ነው? ሥራ የለውም እንዴ?


የቢቸናዋ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር የኔትወርክ ሥራ እሠራለሁ። የቡሬው ወንድሜ አትቀየመኝ፤ ከተናገርከው ግማሹ ትክክል አይደለም።

ራውተር ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፣ ሚሞሪ አለው። አብዛኛው ላይ የሚሠራው ሊኑክስ ነው። ስክሪንና ኪቦርድ ስለሌለው ነው ሳጥን የሚመስለን። ላፕቶፕዎ ላይ ያለው አንቲቫይረስም ወደ ውስጡ አያይም። ቀን ከሌሊት በርቶ ይኖራል፤ ማንም አይፈትሸውም። ለሌባ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም።

ሀከሩ ደብረ ማርቆስን መርጦ አይመጣም። አያውቃትምም። የሚመጣው ፕሮግራም ነው፤ ተምች ማሳው የማን እንደሆነ እንደማይጠይቅ ሁሉ እሱም አይጠይቅም። በተለመደው አሠራር በዓለም ያሉት የኢንተርኔት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ብዙ ይመስላል። ግን በ2013 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፈጣን መስመር ሁሉንም በ45 ደቂቃ ውስጥ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። የእርስዎም በር ተንኳኩቷል ጋሼ። የእኔም። በየቀኑ ይንኳኳል።

በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የሚባል ፕሮግራም ብቅ አለ። አሠራሩ ከቀላልነቱ የተነሳ ያሳፍራል። አድራሻዎችን በዘፈቀደ ያንኳኳል። ቴልኔት የሚባለውን፣ ከሩቅ ሆኖ መሣሪያን ማዘዣ በር ክፍት ሆኖ ካገኘው ከፋብሪካ የሚመጡ የስምና የፓስዎርድ ጥንዶችን ይሞክራል። ውስጡ የነበሩት ጥንዶች 60 ያህል ብቻ ናቸው። "አድሚን፣ አድሚን"። "ሩት፣ 123456"። በዚህች ብቻ እስከ 600,000 የሚደርሱ ራውተሮች፣ ካሜራዎችና መቅጃዎች እጁ ገቡ። የሠሩት ሦስት ወጣቶች ናቸው። ነገሩ የተጀመረው ማይንክራፍት በሚባል የልጆች ጌም ዙሪያ ገንዘብ ለመልቀም ነበር። አንዱ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ኢንተርኔት ደጋግሞ ሲጥል ነበር አሉ፣ ከዚያው ግቢ እየተማረ።

ከገባ በኋላ ምን ይሠራል? እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በደቦ ላስረዳዎት። የአባቴን ጤፍ ለማጨድ 30 ሰው ሲመጣ እያንዳንዱ የሚያጭደው ጥቂት ነው። ማሳው ግን በአንድ ቀን ይራቆታል። ቦትኔትም ደቦ ነው። ልዩነቱ እርስዎን የሚጠራ የለም፤ ማጭድዎን ብቻ በሌሊት ይወስዱታል። የሚያጭዱትም የሌላ ሰው እሸት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የሚራይ ደቦ አንድ የአሜሪካ የስም ማውጫ ድርጅት ላይ ወጣ፤ የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ አድራሻውን የሚነግር ድርጅት ነው። የዚያን ቀን ብዙ ሰው ትዊተርን፣ ኔትፍሊክስንና ሬዲትን መክፈት አልቻለም። አዝመራው የአሜሪካ ነበር፤ ማጭዱ ግን የየአገሩ ድሃ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ለእርስዎ ይበልጥ ይገባዎታል፤ አከራይ ነዎትና። ራውተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መስመርዎን ለሌላ ሰው ያከራየዋል። ተከራዩ ማጭበርበር ሲፈልግ በእርስዎ አድራሻ በኩል ይወጣል። ከውጭ ለሚያየው የሚታየው የእርስዎ ቤት ነው። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ የሚያደርጉ ሁለት ድረ ገጾችን ዘግቷል። ያረጁ ራውተሮችን መስመር በወር ከ9.95 እስከ 110 ዶላር ያከራዩ ነበር። ከ46 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝተውበታል ተብሎ ነው የተከሰሱት። እንግዲህ ግቢዎ ውስጥ አምስተኛ ተከራይ አለ ማለት ይቻላል። ኪራዩን የሚበላው ሌላ ነው።

የጉግሉ "ሮቦት አይደለሁም" ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አገልግሎት ሰጪዎ አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ የሚያካፍል ከሆነ የጎረቤት ኃጢአት ለእርስዎም ይደርሳል። እኔን ያስጠረጠረኝ ሌላው ነው። እርስዎ ልጅዎን ያያሉ፤ እሷ እርስዎን አታይም። የሚመጣው መንገድ ክፍት ነው፣ የሚሄደው ተዘግቷል። ፊልም የሚያወርድ ሰው የሚያጨናንቀው የሚመጣውን ነው። ስለዚህ ልጁ ላይ የፈረዱት ፍርድ ይግባኝ ሳይፈልግ አልቀረም።


ጡረተኛው ፊዚክስ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወጋችኝ። 31 ዓመት "ከመደምደማችሁ በፊት ለኩ" እያልኩ አስተምሬ ራሴ ሳልለካ ደመደምኩ።

ስሌቱን በወረቀት ሠራሁት። አንድ ራውተር በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ቢልክ ምንም አይደለም። 600,000 ራውተር ግን 600 ጊጋቢት ይልካል። ሁለቴ ነው ዜሮውን የቆጠርኩት።

ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል። ራውተሩ ይጠፋል፣ ይበራል። ታዲያ ሰውየው እየወጣ አይጸዳም? ሁለተኛ፣ የባንኬን ነገር አልመለስሽልኝም። ሦስተኛ፣ ሳልገምት እንዴት ልለካ?


የቢቸናዋ

የመብራቱ ጥያቄ ግሩም ነው። ሚራይ የሚኖረው ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ይሞታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማው ጠቀመን ማለት ነው! ነገር ግን በሩ እንደተከፈተ፣ ፓስዎርዱም ያው ስለሆነ መብራት ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላው ያንኳኳል። አስወጥቶ በር አለመዝጋት ነው። ሌላ ዓይነትም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የተገኘው ቪፒኤንፊልተር የሚባለው ቢያንስ 54 አገር ውስጥ 500,000 ያህል መሣሪያ ይዞ ነበር። እሱ ቢያጠፉት ቢያበሩትም ሥሩ አይነቀልም፤ ቅርንጫፉ ብቻ ነው የሚረግፈው። የዚያን ጊዜ ኤፍቢአይ ለሰው ሁሉ "ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ" ብሎ ነበር። ግማሽ መድኃኒት ነበር፤ ግማሹን ለመስጠት በቀጥታ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ያስፈልግ ነበር።

ባንኩ። የባንክ መተግበሪያ ከባንኩ ጋር የሚነጋገረው ተቆልፎ ነው። መሀል ላይ የተቀመጠው ራውተር ፖስታውን ያያል እንጂ ደብዳቤውን አያነብም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ራውተሩ ውስጥ ዲኤንኤስ የሚባል መስመር አለ፤ የድረ ገጽ ስም ሲጽፉ አድራሻውን የሚነግርዎት እሱ ነው። ሌባው እሱን ከቀየረው ወደ ባንክዎ የሚሄዱ መስሎዎት ወደ ተመሳሳይ የውሸት ገጽ ይወስድዎታል። ስለዚህ ብራውዘሩ "ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም" ብሎ ቀይ ካሳየዎት "ቀጥል" አይበሉ። መተግበሪያውን ከመደብሩ ብቻ ያውርዱ። ለጊዜው ደግሞ ባንኩን በሲም ካርድ ዳታ ይጠቀሙ።

አሁን መለካቱ። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለው ይግቡ። ካልከፈተ አድራሻው ራውተሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ስለ መስመሩ ሁኔታ የሚናገር ገጽ አለ፤ የተላከ እና የተቀበለ የሚል ቁጥር ይሰጥዎታል። ማታ በሚብሰው ሰዓት ግቢው ውስጥ ያለ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ ሁሉ ከዋይፋዩ ይውጣ። አንድ ኮምፒውተር ብቻ በኬብል ይሰኩ፣ እሱም ምንም አይክፈት። ቁጥሩን ይጻፉ። 30 ደቂቃ ቆይተው ደግመው ይጻፉ። ማንም ሳይኖር የተላከው ከጨመረ የሚልከው ራሱ ራውተሩ ነው። ወይም ያ ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩን ነቅለው አንዴ ይድገሙት።

እዚያው ሳሉ ሁለት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚፈቅደው ቦታ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ሁለተኛ፣ የውስጥ ሶፍትዌሩ የመቼ ነው? የራውተሩንም ሞዴል ከሥሩ ያንብቡት። አንዳንዱ ሞዴል ፓስዎርድ ሳያስፈልግ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ሳቶሪ የሚባለው የሚራይ ዘመድ በሁዋዌ ኤችጂ532 ላይ የተገኘ ቀዳዳ ነበር የተጠቀመው። ቀዳዳው ካልተደፈነ የፓስዎርድ ርዝመት ዋጋ የለውም።


የቡሬ በርበሬ

እሺ፣ ኮምፒውተር ነው። ተሸነፍኩ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። አሜሪካ ኔትፍሊክስ ቢቋረጥ እኔን ምን አገባኝ? እኛ እዚህ ስንት ወር ኢንተርኔት ሳናይ የከረምን ሰዎች ነን። ኔቴ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ሞቼ አልገኝም። ሰው ነገሩን አጋነነው እንጂ መዥገር ነው፤ ላሟን አይገድላትም።

በነገራችን ላይ አየሁት፤ የእኔ ራውተር የውጭ አድራሻው በ100.72 ይጀምራል። ይሄስ ምንድን ነው?


የቢቸናዋ

መዥገሩን ወድጄዋለሁ። መዥገር ግን በሽታ ያስተላልፋል፤ ጠይቅ የከብት ሐኪም።

"ምን አገባኝ" ላልከው። መጀመሪያ አሜሪካ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. በአንድ እንግሊዛዊ እጅ ያለ የሚራይ ደቦ ላይቤሪያ ውስጥ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ላይ ሲዘምት የአገሪቱን ኢንተርኔት ያናጋበት ጊዜ ነበር። ሰውየው ለተፎካካሪ ድርጅት ሰው ተቀጥሮ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 32 ወር ተፈርዶበታል። መስመራቸው ቀጭን የሆነ አገሮች ናቸው ቶሎ የሚወድቁት። እኛ ወፍራም መስመር ያለን ይመስልሃል?

ሁለተኛ፣ ገዳይ ነው ወይ ላልከው። ያ እንግሊዛዊ በዚያው ወር የጀርመን ራውተሮችን ወደ ደቦው ሊያስገባ ሲሞክር አበላሽቶት 900,000 ያህል ደንበኞች መስመር አጥተዋል። ሆን ብሎ የሚገድልም አለ። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአንድ አገልግሎት ሰጪ ሥር የነበሩ ከ600,000 በላይ ራውተሮች በ72 ሰዓት ውስጥ ጠፉ። ሪሴትም አላስነሳቸውም። አንድ በአንድ በአዲስ መተካት ነበረባቸው። ቡሬ ላይ ያ ቢደርስ አዲሱን ራውተር ስንት ወር የምትጠብቅ ይመስልሃል?

አድራሻህ ደህና ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምረው ለብዙ ደንበኛ የሚካፈል አድራሻ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው በቀጥታ አንተን ማንኳኳት አይችልም። ግን የውስጥ በር አለ። ቤትህ ውስጥ ያለ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ከተበከለ ከውስጥ ሆኖ ያንኳኳል። ስለዚህ ደረትህን አትንፋ።


ጊዮን ማዶ

የእኔ ታሪክ ራውተር አይደለም፣ ግን የዚያው ዘመድ ነው። ባሕር ዳር ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስድስት ካሜራና መቅጃውን አስገጠምኩ። ገጣሚው ልጅ "ጋሼ፣ ከየትም ሆነው በስልክዎ ያያሉ" አለኝ። ደስ አለኝ። ጎንደር ለሠርግ ሄጄ እንግዳ መቀበያዬን በስልኬ ሳይ ነበር የዋልኩት። ባለቤቴ ሠርጉን ሳታይ እኔን ስትገላምጥ ዋለች።

ስድስት ወር ሳይሞላ የእንግዶቹ ዋይፋይ ማታ ማታ መሞት ጀመረ። እኔም እንደ እርስዎ በሰው ነው የጠረጠርኩት፤ አንድ የመስክ ሠራተኛ እንግዳ ላይ። መስመር አስፈትሼ፣ ኬብል አስቀይሬ፣ ራውተር ገዝቼ ምንም አልሆነ። በመጨረሻ አንድ ሰው መቅጃውን ነቀለውና ኔቱ ነፍስ ዘራ። ሲሰካው ይሞታል፣ ሲነቅለው ይነሳል። ፓስዎርዱ ከፋብሪካ የመጣው ነበር፤ በሩን ገጣሚው ነበር ወደ ውጭ የከፈተው፣ እኔ በስልክ እንዳይ።

ጋሼ፣ ካሜራ ካለዎት እሱንም ይፈትሹ። ራውተር ብቻ ቀይረው እንዳይከስሩ። እኔ ከስሬያለሁ።


ጡረተኛው ፊዚክስ

ካሜራ የለኝም። ውሻ ነው ያለኝ፤ እሱም ይተኛል።

ሐሙስ ማታ ሙከራውን ሠራሁት። ተከራዮቹን ሁሉ ሳሎን ጠራሁ። ስልካችሁን አጥፉና ጠረጴዛ ላይ አኑሩ አልኳቸው፤ የፈተና አዳራሽ መሰለ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ግባ አልኩት። ሰዓት የሚይዝልኝ እሱ ነው አልኩ። ያ ነበር መነሻዬ፤ ዙሪያውን ከመዞር ብዬ እዚያው በሰው ፊት "በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። "ችግር የለውም ጋሼ" አለ። ችግር እንደነበረው ግን ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ባለቤቴ ዳቦ ቆረሰች።

3፡10 ላይ የተላከውን ጻፍን። 3፡40 ላይ ደግመን ጻፍን። አንድም ስልክ ሳይበራ 190 ሜጋባይት ሄዷል። በስምንት አብዝታችሁ ለ1,800 ሰከንድ አካፍሉት። 0.84 ሜጋቢት በሰከንድ ይመጣል። የእኔ መስመር የመላኪያ አቅሙ 1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ከስድስት እጅ አምስቱን ሌላ ሰው እየወሰደው ልጄ ፊቴን ልታይ ነበር የምትሞክረው። ኮምፒውተሩን ነቅለን ደገምነው። ያው ነው። ራሱ ራውተሩ ነው።

ገጹን ልጁ ነው ያነበበልኝ፤ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የሚማረው ግን ዓይኑ ፈጣን ነው። ከውጭ ማስተዳደር፦ በርቷል። ቴልኔት፦ በርቷል። የአስተዳዳሪው ስም አድሚን፣ ፓስዎርዱም አድሚን። የሶፍትዌሩ ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ዲኤንኤሱን አየነው፤ እሱ አልተነካም።

ሪሴት ልጫን ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። "ጋሼ፣ የመስመሩን የተጠቃሚ ስም ፎቶ እናንሳው፤ ከጠፋ ኔት የለም" አለ። እውነቱን ነው። ፓስዎርዱ በኮከብ የተሸፈነ ስለነበር በማግሥቱ አገልግሎት ሰጪው ጋ ሄጄ መታወቂያ አሳይቼ በወረቀት ተቀበልኩ። አርብ ማታ መስመሩን ከራውተሩ ነቀልን። በባለቤቴ ጉትቻ የሪሴቷን ቀዳዳ 15 ሰከንድ ያዝን። መስመሩ እንደተነቀለ የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ ቀየርን፤ ከውጭ ማስተዳደሩን፣ ቴልኔቱን፣ መሣሪያዎች ራሳቸው ወደ ውጭ በር የሚያስከፍቱበትን ዩፒኤንፒ የሚባለውን፣ የዋይፋይ ፓስዎርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚገባበትን ደብሊውፒኤስንም አጠፋን። ከዚያ ነው መስመሩን የሰካነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የተላከው 1 ሜጋባይት አልሞላም። ልጄ ደወለች። "አባዬ፣ ፂምህን አልተላጨህም" አለችኝ።

አሁን ቴክኒሻኑ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም?


የቢቸናዋ

በጣም ነው ደስ ያለኝ! የተቀየረበትን ቅደም ተከተል ያወቀው ልጅ ይመቸው፤ ብዙ ሰው መስመሩን ሰክቶ ነው ፓስዎርድ የሚቀይረው። እስኪጨርስ ተመልሶ ይያዛል።

ሰውየው አልዋሸም። ቸኮለ እንጂ። "አይድንም" ማለቱ ስህተት ነው። "ቀይሩት" ማለቱ ግን ስህተት አይደለም። የ2014 ሶፍትዌር ያለው፣ አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ያቆመበት ራውተር ዛሬ ይድን ይሆናል፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። እጅዎ ሲፈታ ይቀይሩት። ሲቀይሩ ያገለገለ አይግዙ፤ የሰው በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አዲሱም ቢሆን ከፋብሪካ ፓስዎርዱ ጋር አይሰካ። እስከዚያው በየወሩ ያቺን የ30 ደቂቃ ልክ ይድገሟት። የተላከው ቁጥር ካበጠ ያወራሉ።


የቡሬ በርበሬ

እኔም ገብቼ አየሁት። አድሚን፣ አድሚን። ምንም አትበሉኝ። ቀይሬያለሁ።


ጡረተኛው ፊዚክስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ። አዲሱ የዋይፋይ ፓስዎርድ ረጅም ስለሆነ ተከራዮቹ እየረሱ አስቸገሩኝ። በትልቁ ጽፌ የግቢው በር ላይ ለጠፍኩት። ችግር አለው?


የቢቸናዋ

ጋሼ፣ ከበሩ በየት በኩል?


ጡረተኛው ፊዚክስ

በመንገዱ በኩል። በውስጥ በኩል ዝናብ ያገኘዋል።


የቢቸናዋ

ኧረ በማርያም ይንቀሉት!!


ጡረተኛው ፊዚክስ

ልጁ ሄዷል ሊነቅለው።